የተደገመው ኮሸሽላ

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ወንድሜ ያርጋል አንድ ፎቶ ማስተካከል ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። ከደባርቅ አፋፍ ቁልቁል የተነሳ የሊማሊሞ መንገድ ነው። በግራ በኩል ገደሉን አብርቶታል፤ ጠመዝማዛው መንገድና አንድ የቆመ የጭነት መኪና በደንብ ይታያሉ። ቀኙ ገና ጨለማ ነው፤ ጣቱ እዚያ አልደረሰም። ስልኩን በከፈትኩት ቁጥር ያው ጥያቄ ይወጣል፦ ለውጡ ይቀመጥ ወይስ ይጣል? እስከ ዛሬ አንዱንም አልነካሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ከመኝታው አልተነሳም። የደም ግፊት ነው ተባለ። ዕድሜው ሃምሳ አልሞላም።

እኔ ዳባት ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ያየሁትን ከሰማሁት መለየት ሥራዬ ስለሆነ እዚህም እለያለሁ። በልቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ከጀርባቸው መቆሜን ሳያውቁ ሲያወሩ በጆሮዬ የሰማሁት ይህን ነው።

«ያ ድንበር በፎቶ ያጠፋው ሰውዬ አይደል?»

«ነፍሱን ይማረው እንጂ፣ በባዶ እጁ አላደረገውም ይባላል።»

ወንድሜ ድንበር ማጥፋቱ እውነት ነው። እንዴት እንዳጠፋውና እንዴት እንደመለሰው ግን የሚናገር ሰው እየጠፋ ነው።

ያርጋል ወጥ ሠሪ ነበር። የሆቴል ወጥ ሠሪ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮች በእግር ለሚጓዙ እንግዶች ድስቱን በበቅሎ አስጭኖ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እየሰፈረ የሚያበስል። እንግዶቹ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ካሜራቸውን አንጠልጥለው ወደ አፋፉ ሲሮጡ እሱ ሽንኩርት ይከትፋል። «ይህን ያህል ዘመን እዚያ ተራራ ላይ ኖሬ ጀምበር ስትጠልቅ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሾርባው ላይ ነኝ» ይል ነበር።

መንገዱ አላስተማምን ብሎ እንግዳ ሲቀር ድስቶቹ ከእናታችን ጓዳ ገቡ። እሱም አንድ ያገለገለ ስልክ ገዝቶ፣ ሾርባው ላይ ሳለ ያመለጠውን ሁሉ ሊይዝ ብቻውን ወደ ተራራው ይወጣ ጀመር። አሳቡ እንዲህ ነበር፦ በደባርቅ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሰሜን ፎቶ ሁሉ ያነሳው ፈረንጅ ነው፤ ስለዚህ እሱ አንስቶ፣ አስተካክሎ፣ አሳትሞ ለሆቴሎቹ ያቀርባል።

የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። ተራራው ሁሉ ዘሟል። ሰማዩ የታጠበ ነጠላ መስሏል። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ያላት ሲሲ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ደፋር ልጅ፣ አንዱን አይታ፣

«ጋሼ ያርጋል፣ ደባርቅ ወደ ጎንደር ተንሸራተተች እንዴ?» አለችው።

«መሬቱ ነው ዘማማ።»

«መሬቱ ቢዘም አድማሱ አይዘምም። ይቀመጡ፣ ላሳይዎ።»

ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰሞን ስለነበር ከሌላ መማሪያ አልነበረውም። ስልኩ ላይ የማስተካከያውን ፕሮግራም የጫነችለት ሲሲ ናት። በመጀመሪያ አድማስ ማቅናትን፣ ቀጥሎ ትርፉን ከዳር መቁረጥን፣ ከዚያ የጨለመውን ማብራትን አስተማረችው። ቀለም ላይ ሲደርሱ ተጣሉ። ያርጋል ቀለም እንደ በርበሬ ነው ብሎ ያዘ፤ ሲበዛ ይጣፍጣል። ሣሩ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ዓይን የሚወጋ ነገር ሆነ።

«ይሄ ጭላዳ ደረቱ ላይ ምን ደፉበት?» አለች ሲሲ።

«ተፈጥሮው ቀይ ነው።»

«ተፈጥሮው ቀይ ነው፤ እርስዎ ግን አዋዜ ቀብተውታል። ይመልሱት።»

መለሰ። ቀስ በቀስ እጁ ገራ። ችግሩ የመጣው ማጥፊያውን ሲማር ነው። ይህ መሣሪያ የማይፈለገውን ነገር ለመሸፈን ከፎቶው ከሌላ ቦታ ቀድቶ ይለጥፋል፤ ምሰሶውን በሰማይ፣ የወደቀውን ላስቲክ በሣር። ሲሲ አስቀድማ አስጠነቀቀችው። «መጀመሪያ ኮፒ ያስቀምጡ። ዋናውን አይንኩ።»

እሺ አለ፤ አላደረገም። የስልኩ ማኅደር ጠባብ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን የሙያው ልማድ ነው። በኋላ ስጠይቀው እንዲህ ነው ያለኝ፤ «ወጥ ከተስተካከለ ወዲያ ያልተስተካከለውን ማን ያስቀምጣል?»

በዚያ ዘመን ስልክ አውጥቶ መሬት ማንሳት ቀላል አልነበረም። ገበሬው ያቆመዋል። «ለማን ነው?» «ለግድግዳ።» «ግድግዳ መሬቴን ምን ያደርግለታል? ሊለኩት ነው በለኝ እንጂ።» አንድ ቀን ከከተማው መውጫ ባለ ኬላ ላይ አንድ ጥበቃ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶዎቹን ሲያገላብጥ አንዱ ላይ ቆመ። ፎቶውን አየ፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን የስልክ ማማ አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ማማው የታለ?»

«ከፎቶው አነሳሁት። እይታ ያበላሻል።»

«ከዚህ ሁሉ ነገር ማማው ነው ያስጠላህ? ማን ነው የላከህ?»

ከሰዓት በኋላውን አግዳሚ ላይ ዋለ። የተለቀቀው ከጥበቃዎቹ አንዱ የአጎቱ ሠርግ ላይ የያርጋልን ወጥ በልቶ ስለነበር ነው። «ይሄ ወጥ ሠሪ ነው፤ ሰላይ እንዲህ አይቀጥንም» ብሎ አስጣለው።

እኔም አላመንኩትም። ማማ የሌለበትን ፎቶ ሲያሳየኝ «ዛሬ ያለውን ካነሳህ ነገ የሌለውን ትጨምራለህ» አልኩት። «አንቺ ደግሞ» አለኝ፣ «ጨው ገባበት ብለሽ ወጥ ትከሺያለሽ?»

በጥቅምት 2016 ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለች የኪዳነምሕረት አጥቢያ አንድ ፎቶ አነሳ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከታች ዳገቱ ሥር አንድ የኮሶ ዛፍ። በመካከሉ የደረሰ ገብስ ነፋስ ሲያስተኛው ባሕር ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ አላስደሰተውም። ገብሱን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ ያልታረሰ የሣር መስመር ነበረ፤ መስመሩ ላይ ድንጋዮች፣ ድንጋዮቹ አጠገብ በእንጨት ላይ የተሰቀለ የማዳበሪያ ከረጢት። መስመሩ የወይዘሮ ይመኙሻልና የአንሙት ማሳ ድንበር ነው። ወይዘሮ ይመኙሻል ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ከረጢቱን የሰቀሉትም ድንበሩን የሚጠብቅላቸው ሰው ስለሌለ ነው። አንሙት ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ከያርጋል ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር ይጠጡ ነበር።

ያርጋል መጀመሪያ ከረጢቱን ብቻ ነበር ማንሳት የፈለገው። ከረጢቱ ሲነሳ ጥላው ቀረ። ጥላውን ሲሸፍን ድንጋዩ ለብቻው አፈጠጠ። ድንጋዩን ሲያነሳ የሣሩ መስመር የተቆረጠ ሆነና አስጠላ። በመጨረሻ መስመሩን ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ ኮሶው በገብስ ሸፈነው፤ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ። ዋናው በዚያው ጠፋ።

ሲሲ በትልቁ ስታትምለት ገብሱ መሀል አንድ እሾሃም አረም አይታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄ ኮሸሽላ መንትዮች አሉት እንዴ?»

«ኮሸሽላ በየማሳው ይበቅላል» ብሎ ተቆጣ። ሲሲም ደንበኛዋን ላለማስቀየም ማተሟን ቀጠለች።

ፎቶው በዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰው ሁሉ ወደደው። ባለ ሆቴሉ ለየክፍሉ የሚሆን አዘዘ። ያርጋል ድስቶቹ ጓዳ ከገቡ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በበልጉ እርሻ አንሙት ድንበሩን አረሰው። የወይዘሮ ይመኙሻል ማሳ በዚያ በኩል ጠበበ። ከሰሱ። ሁለቱም የመሬት ማረጋገጫ ደብተር አላቸው፤ ደብተሩ ግን አዋሳኙ ማን እንደሆነ እንጂ ወሰኑ በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልፍ አይናገርም። ስለዚህ ነገሩ ለሽማግሌ ወረደ። በመጀመሪያው ቀጠሮ አንሙት ስልኩን አወጣ። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አንስቶ መጥቷል።

«እኔ ምን እናገራለሁ፤ ፎቶው ይናገር። ይኸው የጥቅምቱ ገብስ! ከዳር እስከ ዳር አንድ ማሳ ነው። ድንበር ያለበትን ያሳዩኝ።»

«ድንበሩን እግሬ ያውቀዋል» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። «ከረጢት በገዛ እጄ ሰቅያለሁ።»

«ከረጢቱስ የታለ እትዬ? ጥንብ አንሳ በላው?»

ሰው ሳቀ። ለሚቀጥለው እሑድ ያርጋል እንዲቀርብ ተላከበት።

ቅዳሜ ዕለት እኔ ዘንድ ዳባት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉንም ነገረኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር።

«አንሙት ምን ሰጠህ?»

«አንቺም?»

«እኔ ባልጠይቅህ እነሱ ይጠይቁሃል። አብራችሁ ጽዋ ትጠጣላችሁ። ዋናውን ፎቶ አምጣ።»

«የለም። ላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

በእኔ ሥራ ዋናው ጠፋ የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መለሰ። ከዚያ ጉዳዩን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈ አስረዳኝ፤ ዝም ካለ እትዬ ይመኙሻል መሬታቸውን ያጣሉ። ከተናገረ ግን ማስረጃ ስለሌለው ሐሰተኛ ይባላል፤ የሆቴሉ ትእዛዝም ይቀራል። ቡና ሳይጠጣ ተነሳ። በመንገድ ላይ ሲሲ ዘንድ ገብቶ የጠፋው ዋና ይመለስ እንደሆነ ጠይቋታል። አይመለስም አለችው። ሊወጣ ሲል፣ «ያ ኮሸሽላ ግን አሁንም ያስቀኛል» አለችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከበሩ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄደ አለች።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጡ። እኔም ነበርኩ፤ ከዚህ በታች ያለው ያየሁት ነው። ያርጋል ከግድግዳ ያወረደውን ትልቁን ፎቶ ከነመስተዋቱ በብብቱ ይዞ መጣ። ሰብሳቢው መሪጌታ ገሠሠ ነበሩ።

«ያርጋል፣ ይህን ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ መሪጌታ።»

«በዓይንህ እንዳየኸው ነው?»

«አይደለም። ድንበር ነበረበት። የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

ጫጫታ ሆነ። አንሙት ብድግ አለ። «የእትዬ ይመኙሻልን ጠላ ጠጥቶ ነው የመጣ!»

«ፊትስ ያንተን አልነበር የጠጣው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። የሁሉም ዓይን ከአንሙት ወደ ያርጋል፣ ከያርጋል ወደ ወይዘሮ ይመኙሻል ይመላለስ ጀመር። ማንም ማንንም አላመነም።

መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ልጄ፣ ፎቶህ አንድ ይላል፣ አፍህ ሌላ ይላል። የቱን እንመን?»

«ሁለቱንም አትመኑ። ገብሱን እዩት።»

ፎቶውን ሣሩ ላይ አጋደመውና ተንበረከከ። ጣቱን መስተዋቱ ላይ አኖረ።

«ይህችን ኮሸሽላ እዩ። አንገቷ ወደ ግራ ተሰብሯል። ከሥሯ የተኛ ገብስ አለ። ዝቅ በሉ፤ እዚህ ያችው ኮሸሽላ፣ ያው የተኛ ገብስ። አሁንም ዝቅ በሉ። እኔ አዲስ ተማሪ ነኝ፤ ሌላ ቦታ መቅዳት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ከአንድ ቦታ ብቻ እየቀዳሁ ነው እስከ ታች የለጠፍኩት።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። ከመካከላቸው ሲያርሱ ያረጁ አንድ አባት አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ጎነበሱ።

«ነፋስ እንዲህ አያስተኛም» አሉ። «አንዱን ቢጥል ሌላውን ያዞረዋል። እነዚህስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«ኮሸሽላዋም ብትሆን» አለ ሌላው፣ «በአንድ ቀን ስንት ቦታ አንገቷን ትሰበራለች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያርጋል አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ፎቶ መሳቂያ ሲሆን ዝቅ ብሎ እያየው ነበር። ሳቁ ሲበርድ፣

«ኮሸሽላዋን ተከተሏት» አለ። «እሷ ያለችበት ሁሉ እኔ የሸፈንኩት ነው።»

መሪጌታ የመቋሚያቸውን ጫፍ በመጀመሪያዋ ኮሸሽላ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ቀጣይዋ፣ ከዚያ ወደ ቀጣይዋ ወረዱ። መቋሚያው ከጥቁሩ ድንጋይ ተነሥቶ ኮሶው ሥር ቆመ።

ከዚያ ወደ ማሳው ተወረደ። በዚያ አጥቢያ ወሰን የሚመሰክር ሰው ጫማውን አውልቆ ወሰኑን በእግሩ ይረግጠዋል። ያርጋል አወለቀ። ከጥቁሩ ድንጋይ ወደ ኮሶው እያየ በታረሰው የአፈር ጓል ላይ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። እግሩ በረገጠበት መስመር ያሉትን ጓሎች ሲሰብሯቸው በውስጣቸው የሰርዶ ሥር እንደ ክር ተጠላልፎ ወጣ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ጓል ባዶ ነበር። ለዘመናት ያልታረሰ ሣር ነው።

«ሰርዶ የትም ይበቅላል» አለ አንሙት፤ ግን ድምፁ ወርዶ ነበር። ድንጋዮቹን ከየጣለበት ለቅሞ እንዲመልስ ተፈረደበት። መለሰ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ባለ ሆቴሉ ፎቶውን አልተቀበለም። «ለእንግዳዬ ውሸት ሰቅዬ ኖሬያለሁ ማለት ነው» ብሎ ትእዛዙን ሰረዘ። አንሙት ጽዋው ያርጋል ቤት ሲደርስ መምጣቱን ተወ። ሰዉም ቢሆን ጥርጣሬውን አልጣለም፤ ግማሹ «አንሙት አነስ አድርጎ ሰጥቶት ነው የከዳው» አለ፤ ግማሹ «ራሱ አጥፍቶ ራሱ ያገኘው ስም ለማትረፍ ነው» አለ። ወይዘሮ ይመኙሻል እንኳ እጁን ስመው ካመሰገኑት በኋላ፣ «ያርጌ፣ ቤቴንስ አንስተኸው ታውቃለህ?» ብለው ጠይቀውታል።

የባሰው የእሱው ነበር። ፎቶ ማመን አቃተው። እኔ ቤት የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይቶ፣ «ይሄ ደመና ሁለት ጊዜ አለ» አለኝ። ቀርቤ አየሁት፤ አለ።

ትምህርቱን ግን አልተወም። ሲሲ ዘንድ መመላለሱን ቀጠለ፤ ዋናውን በአንድ በኩል፣ የተስተካከለውን በሌላ በኩል ማስቀመጥ ተማረ። አድማስ ያቀናል፣ ጨለማ ያበራል፣ ቀለም በልክ ይጨምራል። ከፎቶው ግን ምንም አያነሳም። በጥቅምት 2017 ወደዚያው ማሳ ተመልሶ ገብሱን ከነድንበሩ አነሳው። ወይዘሮ ይመኙሻል አንድ እንዲያትምላቸው ለመኑት፤ «ከረጢቱ ያለበትን» ብለው። የፎቶ ወረቀት ከጎንደር አልመጣ ብሎ ነገሩ እስከ መጋቢት ዘገየ።

መጋቢት 11 ቀን ወረቀቱ ገባ። በጠዋት ሲሲ ዘንድ ሄደ። እሷ እንደነገረችኝ ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ፣

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ። ከረጢቱን ብቻ ላንሳልዎ?» አለችው።

«እጅሽን እንዳላየው!»

ሲታተም ዳር ቆሞ ጠበቀ። ከማሽኑ ሲወጣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ ኮሸሽላዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም የተለያዩ ነበሩ። በጋዜጣ ጠቀለለውና በእግሩ ወደ ኪዳነምሕረት ሄደ። ወይዘሮ ይመኙሻል ቤት አልነበሩም፤ ወፍጮ ወርደዋል። ጥቅሉን ለጎረቤታቸው ሰጣትና፣ «ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ እንዳይሰቅሉት ንገሪልኝ፤ ቀለሙ ይለቃል» አላት። ውኃ ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰላት፣ ወደ ቤቱም ሄደ።